ከጠረጴዛው ማዶ የቆመችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ክንድ የሚሆን ከፋይ ጨርቅ ይዤ ተማሪዎቼ ፊት ቆምኩ። መዳፌን ከላይ ወደ ታች ሳወርደው እንደ ድመት ጀርባ ለስልሶ ተኛልኝ፤ ከታች ወደ ላይ ስመልሰው ደግሞ ጣቶቼን ያዝ ያዝ አደረጋቸው። ጨርቁን ከፍ አድርጌ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በረድፍ ከተደረደሩት ወንበሮች ላይ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ቦርዶ" አሉኝ። የተከራከረ የለም። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠች አንዲት ልጅ ቀና ሳትል ከሌሎቹ ጋር ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ጎበዞች ልላቸው ሲገባኝ ሰሌዳው ላይ የምጽፍ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ያንን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት መርካቶ ውስጥ ነው። በተክለ ሃይማኖት በኩል ሲገባ፣ ምድር ቤቱ በጨርቅ ሱቆች የተሞላ አንድ አሮጌ ፎቅ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የልብስ ዲዛይን ማሰልጠኛ የሚል ታፔላ ተሰቅሏል፤ ታፔላው ከክፍሉ ይሰፋል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ልመዘገብ የሄድኩ ቀን ጥቅል ጨርቅ ከተሸከሙ ሰዎች ጋር እየተጋፋሁ ደረጃውን ወጣሁ። ያልታጠበ አዲስ አቡጀዲ ያለው ያ ሙጫ ሙጫ የሚል ሽታ እስከ ላይ ተከተለኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ፤ የተጣሉ መስሎኝ ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

ጠብ አልነበረም። ክፍሉ መሃል ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ሊደርስ ጥቂት የቀረው ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ አለ፤ ከኔ በፊት የገቡት ተማሪዎች በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ከፋይ ተዘርግቷል። በመስኮቱ በኩል ያሉት ጥቁር ነው ይላሉ፤ በማዶ ያሉት ደግሞ ኧረ ቀይ ነው፣ ዓይናችሁን ታከሙ እያሉ ያሾፉባቸዋል። ጠረጴዛው ራስ ላይ ሜትር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። በኋላ መምህሬ የሆኑት ሰው ናቸው። ክርክሩ ሲግል ቦታ እንዲለዋወጡ አዘዟቸው። እየተሳሳቁ ዞሩ። ጥቁር ያሉት ቀይ፣ ቀይ ያሉት ጥቁር ሲሆንባቸው ሁሉም ጨርቁ ላይ ጎነበሱ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ነው አፋቸውን የከፈቱት። ከፋይ ጠጉር አለው፣ ጠጉሩ በተኛበት በኩል ሲያዩት ሌላ፣ በተቃራኒው ሲያዩት ሌላ ነው አሉ። አንዱን ቁራጭ ሽቅብ፣ ሌላውን ቁልቁል የቆረጠ ሰው ባለ ሁለት ቀለም ልብስ ሰፍቶ ያርፈዋል አሉ። እኔ ገና ስሜን አላስመዘገብኩም፤ ትምህርቱ ግን ገብቶኝ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም።

ጠረጴዛው ድሮ እዚያ ፎቅ ላይ ከነበረ የስፌት ድርጅት የተረፈ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ስለተገጣጠመ በበሩ አይወጣም፤ የክፍሉ ባለቤት ምን እንደሚያደርገው ቢጨንቀው ተውት ብሎ ማሰልጠኛ ከፈተበት። ወንበር የሚባል ነገር አልነበረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቆመን እንማር ነበር። ከታች የተሸካሚዎቹ "መንገድ! መንገድ!" የሚል ጩኸት ይመጣል፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የካውያው እንፋሎት ፊታችንን ያሞቀዋል።

ፊት ለፊትሽ የቆመ ሰው "ማዶ" ይባላል። መምህራችን አንድ የማይሻር ደንብ ነበራቸው፤ ማዶሽ ሳትለካው መቀስ ጨርቅ ውስጥ አይገባም። ፓተርኑን፣ ማለትም የልብሱን የወረቀት ቅርጽ፣ ጨርቁ ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ዙሪያውን በደረቀ ሳሙና ስባሪ ታሰምሪያለሽ፣ ከዚያ መቀስሽን አስቀምጠሽ "ማዶ" ብለሽ ትጠሪያለሽ። እሷም ከቆመችበት ጎንበስ ብላ በራሷ ሜትር ከራሷ በኩል ትለካዋለች። ልክ ከሆነ እንጨቱን በጣቷ ሁለቴ ቆርቆር ታደርጋለች። ያኔ ትቆርጫለሽ። ጠዋት ጠዋት ከዚህም ከዚያም የሚሰማው ያ ቆርቆርታ አሁንም አንዳንዴ በእንቅልፌ ይመጣብኛል።

የኔ ማዶ የአብነት ሰፈር ልጅ ነበረች። አባቷ እዚያው መርካቶ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ ይሸጣሉ። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አልገፋችበትም፤ መጻፍ ላይ እጇ ይከብዳል፣ አንድ መስመር እስክትገለብጥ እኛ ገጹን እንጨርሳለን። ጨርቅ ላይ ግን ያ እጅ ሌላ ሰው ይሆናል። የኔን ስህተት እኔ ከማየቴ በፊት ከማዶ ታየዋለች። አንድ ቀን የቆረጥኩትን የወረቀት እጅጌ ብድግ አድርጋ አየችውና "ይሄ የሰው ክንድ ነው የዝንጀሮ?" አለችኝ፤ ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልገባትን ሁሉ ትጠይቃለች፤ መምህራችን ሲያስረዱ አፋቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው የምታየው። እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። እኔ ግን አልነገርኳትም፤ ትንሽም ቅናት ነበረብኝ።

አባቷ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የፈቀዱላት። ታላቅ እህቷ በዓመቱ መጨረሻ ልታገባ ነው፤ የመልሷን ካባ ሰፍተሽ ካሳየሽኝ እንድትቀጥዪ እፈቅዳለሁ፣ ካልሆነ ወደ ሱቁ ትመለሻለሽ ብለዋታል። ይህን የምታወራው እየሳቀች ነበር። ካባው በቃ የተሰፋ ያህል ነበር የሚመስላት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ቀን አጎቴ ለቤት መጋረጃ ሊገዛ መርካቶ መጥቶ ኖሮ የምማርበትን ልይ ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ አየን፤ ጠረጴዛ ከበን ቆመን፣ መቀስ በእጃችን፣ እየተጯጯህን። "ትምህርት ቤት ነው ያልሽኝ ሥጋ ቤት?" አለኝ፤ ሁሉም ሰሙ። ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩ። መሳለሚያ ሰፈራችን ውስጥ እኩዮቼ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ደብተር ይዘው ኮሌጅ ይማራሉ፤ እኔ ግማሽ ቀን ቆሜ እግሬ እያበጠ እገባለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ማመልከቻ ጻፍኩ። በሥርዓት የተደረደረ ወንበርና ሰሌዳ ያለው የመማሪያ ክፍል ይዘጋጅልን የሚል ነው። ጽሑፌ ያምራል፤ ራሴም ደጋግሜ አነበብኩት።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ፈረመ። ማዶዬ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ወንበር እንዲገባልን ነው አልኳት። እሷን እግሯን እንዳላመማት ነገረችኝ፤ እንደ ሰው እንማር ነው ብዬ ተቆጣኋት። ወረቀቱን ትንሽ ይዛው ቆየች። "አንቺ ከጻፍሽው ጥሩ ነው" አለችና ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች።

የማሰልጠኛው ባለቤት ከኛ በላይ ደስ አለው፤ ወንበር ሲገባ ብዙ ተማሪ መቀበል እንደሚችል ወዲያው አስልቷል። መምህራችን የሰሙት ከሱ ነው። በነጋታው ጠረጴዛው ራስ ላይ ቆሙና መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው "እግሩን ያመመው ማነው?" አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ሁሉም ወደ መቀሱ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ።

ጠረጴዛው በበሩ ስለማይወጣ አናጢ መጥቶ በመጋዝ ቆራረጠው። የመጋዝ ብናኙ ከአቡጀዲው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ለሳምንት ያህል ክፍሉ ውስጥ ቆየ። በቦታው ትንንሽ መጻፊያ ያላቸው ወንበሮች አምስት ረድፍ ሆነው ገቡ። ሰሌዳ ተሰቀለ። ለመቁረጫ ብለው ከኋላ አንድ አነስተኛ ጠረጴዛ ግድግዳ አስጠግተው አስቀመጡ፤ በተራ ነው የሚሠራበት፣ ማዶው ግድግዳ ነው። አዲስ ተማሪዎች መጡ፣ ክፍሉ ሞላ። እኔ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ መሃሉን ያዝኩ። ማዶዬ ቁመቷ ስለሚረዝም ሰው እንዳትከልል ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደች። ቦታ የመረጠላት የለም፤ ራሷ ናት ተነስታ የሄደችው።

ክፉ ክፉውን ብቻ ባወራ ውሸታም እሆናለሁ፤ ለኔ ተመችቶኝ ነበር። ማስታወሻ መጻፍ እችልበታለሁ፣ ከፊት ነኝ፣ ፈተና ላይ አንደኛ ወጣሁ። መምህራችን ግን ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። ድሮ ጠረጴዛውን እየዞሩ የእያንዳንዳችንን እጅ ይነኩ ነበር፤ አሁን ጀርባቸውን ሰጥተውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ በጠመኔ የነጣውን እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ። ድምፃቸው ቀነሰ። ማዶዬም ጥያቄ አቆመች። ከሷ እስከ መምህራችን እጅ ድረስ የሰው ጀርባ ነው ያለው። ስትጠይቅ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያያታል፤ አዲሶቹ አያውቋትም፣ የመርካቶ አነጋገሯ ያስቃቸዋል። መጀመሪያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ቀጥሎ ዝም አለች። እኔ ሥራዋን አክብዳ የያዘች መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አደብ ገዛች ብዬ በልቤ አመስግኛታለሁ።

ከፋይ ላይ የደረስነው በዚያ ሰሞን ነው። መምህራችን ጨርቁን ከፍ አድርገው ቀለሙን ጠየቁን። ሁላችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረን ስለተቀመጥን በአንድ ድምፅ "ቦርዶ" አልናቸው። ትንሽ ጠበቁ። ክርክር እስኪነሳ ነበር የሚጠብቁት፤ አልተነሳም። ጨርቁን አጠፉትና ስለ ጠጉሩ አቅጣጫ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር አስጻፉን። ጻፍን። በኋላ የማዶዬን ደብተር አየሁት፤ በዚያ ቀን ገጽ ላይ "ከፋይ" ከሚል ቃል በቀር ምንም የለበትም።

የእህቷን ካባ ከፋይ አባቷ ራሳቸው መርጠው ገዙላት። ጥቅሉ ላይ የተረፈው ያ ብቻ ስለነበር ጨርቁ ልክክ ያለ ነው፣ ትርፍ የለውም። አንድ ረፋድ ላይ የኋላውን ጠረጴዛ ያዘችና ፓተርኖቿን ደረደረች። የፊቱ ሁለት ክፍሎች እኩል አልገባ ሲሏት አንዱን ገልብጣ አንገቱን ወደ ታች አደረገችው፤ ያን ጊዜ እንደ እንቆቅልሽ ግጥም አለላት። ለሌላ ጨርቅ ቢሆን ብልሃት ነበር፣ መምህራችንም ያመሰግኗት ነበር። አሰመረች። መቀሷን አስቀመጠች።

ከዚያ "ማዶ" አለች።

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ተሰማ። አዲሶቹ ተማሪዎች ቃሉን አያውቁትም፤ ግድግዳውን ነው እንዴ የምትጠራው ብሎ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ሰማሁ። ዞር ብዬ አየኋት። ቀና ብላ እኔን እኔን ታያለች፤ እጇ ጨርቁ ላይ ነው። ተነስቼ አምስት ረድፍ ማለፍ፣ የሚስቁትን ማለፍ ነበረብኝ። ፊቴን መልሼ ደብተሬ ላይ ጎነበስኩ። ትንሽ ቆይቶ መቀሱ ከፋዩን ሲበላው ሰማሁ። ከፋይ ሲቆረጥ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከሌላ ጨርቅ ይለያል።

ካባው ተሰፍቶ ሲያልቅ ለማየት ብርሃን ወዳለበት ደረጃው ላይ ይዘነው ወጣን። አንደኛው ደረት ደማቅ ቦርዶ ነው፤ ሌላኛው ጥቁር ማለት ይቀላል። ማዶዬ ጨርቁን ደጋግማ በመዳፏ አሻሸችው፣ የቆሸሸ መስሏት ነው። መምህራችን መጡ፣ አዩ፣ ቀስ ብለው ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላሳይሽ ነው ያስጻፍኩሽ አሏት። እሷ ግን አልሰማቻቸውም።

ያንኑ ከፋይ ፍለጋ አባቷ ገበያውን አዳረሱት፤ የሚመሳሰል አልተገኘም። እህቷ በተዋሱት ካባ ተሞሸረች። ከሠርጉ በኋላ አባቷ ማሰልጠኛው ድረስ መጥተው መምህራችንን በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። "ጋሼ፣ ልፋትዎን አላጣሁትም። ሞከረች፤ አልሆነላትም" አሏቸው። መልካም ሰው ናቸው፤ ክፉ ቢናገሩ ይቀለኝ ነበር። ማዶዬ መቀሷንና ሜትሯን በጋዜጣ ጠቅልላ ከኋላቸው ወረደች። ደረጃው ላይ ስታልፈኝ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። መምህራችንም ዓመቱ ሲያልቅ ለቀቁ፤ ዓይናቸው ደክሞ ነው ተባለ።

እኔ ተመረቅኩ፣ ቀጥዬ ተማርኩ፣ አስተማሪም ሆንኩ። ስንት ዓመት ሙሉ መርካቶ ስገባ በሌላ በኩል እዞራለሁ፤ በሱቃቸው በር ላለማለፍ ነው። አንድ ቁልፍ ለመግዛት ያን ያህል መንገድ የሚዞር ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የማስተምርበት ክፍል ወንበሮች ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው። ይፈቱልኝ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ለጽዳት አይመችም ተባልኩ።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ "ቦርዶ" በኋላ ግን እግሬ ቀጥ ብሎ ወሰደኝ። ሱቁ ያው ሱቅ ነው፤ አባቷ አርፈዋል፣ የሱቁ ባለቤት አሁን እሷ ናት። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ነጣ ነጣ ብሏል። ገና ከመንገዱ ማዶ ስታየኝ አወቀችኝ፤ በርጩማ አወጣችልኝ፣ ለስላሳ አስመጣችልኝ፣ እንዴት ጠፋሽ እያለች ደጋግማ ሳመችኝ። አስተማሪ መሆኔን ሰምታ ኖሯል። ሴት ልጅ አለቻት፤ ልጅቷ ዲዛይን ካልተማርኩ ብላ አስቸግራታለች፣ ዘንድሮ ያው እኔ የማስተምርበት ኮሌጅ ልትገባ ነው። ይህን ስትነግረኝ እጇ ሥራ አልፈታም፤ ለደንበኛ ዚፕ እየለካች ነበር።

ደንበኛው እስኪሄድ ጠበቅኩ። "ያን ቀን ስትጠሪኝ ሰምቼሽ ነበር" አልኳት።

የቱን ቀን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

"አውቃለሁ። ዞር ብለሽ አየሽኝ አይደል" አለች። "አየሽና ዝም አልሽ። ልክ ነው ያልሽኝ መስሎኝ ቆረጥኩት።"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፣ ግን ለዚያ ሁሉ ዓመት አንሶ ታየኝ። አንቺ ከሁላችንም ትበልጪ ነበር አልኳት። ዋጋ የሚያወዳድር ደንበኛ እንደምታይ ፈገግ ብላ አየችኝ፤ ተዪ፣ እኔ ሲነግሩኝ የማይገባኝ ሰው ነኝ፣ ያኔ ነው ያወቅኩት አለችኝ። ምሬት የለበትም። የሱቋን መዝጊያ ሰዓት እንደምትነግረኝ ያህል ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ይዛ የኖረችው እሷ ናት።

ልሄድ ስነሳ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብላ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሰው እየገፋን፣ ጋሪ እያለፈን ትንሽ ቆምን። ክንዴን ያዘችኝ።

"ልጄ እንደኔ ናት፣ በእጇ ነው የሚገባት" አለችኝ። "ስትጠራሽ ግን ከሩቅ አትዪያት። አጠገቧ ድረስ ሂጂላት።"

እሺ አልኳት።